ውክልናው የተጻፈው ለማን ነው?

በአገራችን ስለ ውክልና ሲነሳ ወሬው የሚጀምረው ከተከዳው ሰው ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ያጠራቀመችው ገንዘብ ቤት ሆኖ ሳለ ወንድሟ ሸጦ በላባት፤ ዋሽንግተን የሚኖረው ሰው ንብረቱን እንዲጠብቅለት የወከለው ጓደኛው በመያዣ አስይዞ ተበደረበት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባልና ሰው ሁሉ ይተክዛል። መተከዙ ተገቢ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን ማንም የማያነሳው አንድ ሰው አለ፤ ቤቱን የገዛው። ውክልናውን አንብቦ፣ ካርታውን አገላብጦ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣርቶ፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ፈርሞ፣ ብሩን ከፍሎ ቁልፍ የተረከበ ሰው ነው። ወካይና ተወካይ ተጣልተው ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ቤቱን ልቀቅ የሚባለው እሱ ነው፤ ከተወካዩ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፣ ወካይዋንም አይቷት አያውቅም። የእኔ አቋም ለዚህ ሰው ያደላል። ወካዩ በገዛ እጁ ጽፎ የሰጠው ወረቀት ቅን ልቦና ያለውን ሦስተኛ ወገን ካሳሳተ፣ ኪሳራው መውደቅ ያለበት በወካዩ ላይ ነው፤ ካሳ በመክፈል ብቻም መታለፍ የለበትም፣ ውሉ ራሱ ሊጸና ይገባል።

የውክልና ሕጋችን የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2179 እስከ 2265 ባለው ክፍል ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ክፍሉ ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶችን ይገዛል። አንደኛው በወካይና በተወካይ መካከል ያለው የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ተወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆን፣ የወካዩን ጥቅም ብቻ እንዲያይ፣ የሠራበትን ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዛል። ሁለተኛው ወደ ውጭ የሚታየው ነው፤ ተወካዩ በወካዩ ስም፣ በተሰጠው ሥልጣን ልክ የፈጸመው ውል ወካዩ ራሱ እንደፈጸመው ይቆጠራል ይላል አንቀጽ 2189። ይህ ሁለተኛው ባይኖር ውክልና ለማንም አይበጅም ነበር። ሰው ከተወካይ ጋር ሲዋዋል በተወካዩ ጠባይ ተማምኖ አይደለም፤ ላያውቀውም ይችላል። የሚተማመነው በወረቀቱ፣ በወረቀቱ በኩል ደግሞ በወካዩ ላይ ነው። ወንድም ለወንድሙ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ በስልክ ሊነግረው ይችላል፤ ለዚያ ማኅተም አያስፈልገውም። ማኅተም ያስፈለገው «ይህ ሰው የሚያደርገውን እኔ እንዳደረግሁት ቁጠሩልኝ» የሚለውን ቃል ለማያውቀው ሰው ለማድረስ ነው። የውክልና ሰነድ በተወካዩ ኪስ ይቀመጥ እንጂ የተጻፈው ለዚያ ለማይታወቀው አንባቢ ነው።

ሰነዱን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የተለመደው የቤት ውክልና በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ሰልፍ ነው፦ በስሜ ተመዝግቦ የሚገኘውን ቤት እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ ዋጋውን ተቀብሎ እንዲያስረክብ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ እንዲከራከር፣ ይግባኝ እንዲል፣ እንዲታረቅ፣ ጠበቃ እንዲወክል እያለ ይቀጥላል። ብዙ ፈራሚ ይህን ሁሉ እንደ ወግ ቆጥሮ ሳያነብ ያልፈዋል። ሕጉ ግን እያንዳንዱን ቃል ይመዝናል። «ሙሉ ውክልና ሰጥቼዋለሁ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ብዙም አያስኬድም፤ በአንቀጽ 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ተከታዩ አንቀጽ የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ይዘረዝራል፦ ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ሰብልና ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መሸጥ። ቤት መሸጥና ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅ፣ በግልግል ዳኝነት መስማማት፣ ፍርድ ቤት መቆም በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። እንግዲህ «እንዲሸጥ» ብሎ ያስጻፈ ሰው ሕጉ በራሱ ሊሰጥለት ያልፈቀደውን ሥልጣን አስቦ፣ ለይቶ፣ በቃል አስፍሮ ሰጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ረጅም ሰልፍ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ሦስት ነገር ነው፤ በስንት ዋጋ፣ ገንዘቡ በማን የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ እስከ መቼ። መጨረሻው ላይ ውክልናው እስካልተሻረ ድረስ የጸና መሆኑ ይገለጻል። አንባቢው መሻሩን በምን ያውቃል ለሚለው ግን ወረቀቱ መልስ የለውም።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። እንበልና ጂዳ ያለች እህት ቤቷን እንዲሸጥላት ለወንድሟ ልዩ ውክልና ሰጥታለች፤ ከዚያ ተጣሉ። ሰኞ ዕለት ቆንስላ ሄዳ ውክልናውን ሻረች። መሻር መብቷ ነው፤ አንቀጽ 2226 ወካይ ባሻው ጊዜ መሻር እንደሚችል፣ ይህን የሚከለክል ስምምነትም ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ሐሙስ ዕለት ወንድም ዋናውን ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ ላይ ቤቱን ሸጠ። ገዢው ጂዳ ውስጥ የሆነውን የሚሰማበት መንገድ የለውም። አሁን አንቀጽ 2190 ይመጣል፤ ሥልጣኑ ካበቃ በኋላ ተወካዩ የፈጸመውን ውል ወካይዋ እንደፈለገች ልታጸድቀው ወይም አልቀበለውም ልትል ትችላለች። ዋጋው ጥሩ ከሆነ ታጸድቀዋለች፤ በመሃል የቤት ዋጋ ከጨመረ አልቀበልም ትላለች። ምርጫው የእሷ ብቻ ነው። አልቀበልም ስትል ውሉ ይፈርሳል፤ ገዢው የሚቀረው የካሳ ጥያቄ ነው፣ በመጀመሪያ በተወካዩ ላይ። አንቀጽ 2195 አንድ እርምጃ ይጨምራል። ወካይ ውክልናውን አሳውቆ መሻሩን ካላሳወቀ፣ ሰነዱን ሳያስመልስ ወይም ውድቅ ሳያስደርግ ከቀረ፣ ወይም በንግግሩ፣ በአድራጎቱ ወይም ዝም በማለቱ ሰውየው ሥልጣን እንዳለው ካስመሰለ፣ ከተወካዩ ጋር በአንድነት ለካሳው ተጠያቂ ይሆናል። ሕጉ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አውቋል ማለት ነው። አውቆ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ቤቱን ለወካይዋ መልሶ ገዢውን ወደ ካሳ ክስ ይልከዋል።

ካሳ በወረቀት ላይ ሙሉ መድኃኒት ይመስላል። በተግባር ግን የቤት ሽያጭ ክስ ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ ሰበር ሲጓዝ ዓመታት ይበላል፤ በእነዚያ ዓመታት ብሩ ሲቀልል ቤቱ ይወደዳል። ገዢው በመጨረሻ የከፈለውን ከነወለዱ ቢያገኝ እንኳ በዚያ ገንዘብ ያንን ቤት አይገዛም። ተወካዩ ብሩን አባክኖ ወይም አገር ለቆ ሊሆን ይችላል። ወካይዋ ደግሞ ውጭ አገር ናት፤ አገር ውስጥ ያላት ንብረት ያው ቤት ነው፣ እሱንም ፍርድ ቤቱ ለእሷ ሲወስን ገዢው በሌላ መዝገብ አስከብሮ ካልያዘው በቀር ፍርድ የሚያስፈጽምበት ነገር አይኖረውም። ቤቱን ያጣው ሰው ከዚያው ቤት ላይ ካሳውን ለማስፈጸም እንደገና ሲሟገት ማየት ለሕግ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ለሌላው ሰው ግን ግራ የሚያጋባ ነው፣ ግራ ቢጋባም አልፈርድበትም። ገዢው ምን ማድረግ ነበረበት? ሕጉ የጠየቀውን ሁሉ አድርጓል። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በሰፊው በሚጠቀሰው የመዝገብ ቁጥር 21448 ውሳኔው ይህን ጥብቅ አድርጎ ተርጉሞታል። አንቀጽ 2180 ደግሞ ውክልናውም እንደ ውሉ ዓይነት ፎርም እንዲኖረው ይጠይቃል። መንግሥት ገዢውን በራሱ መሥሪያ ቤት በኩል እንዲያልፍ አስገድዶ፣ ሰነዱን መርምሮ፣ ማኅተም አሳርፎ ሲያበቃ፣ በኋላ ወረቀቱን ማመንህ የራስህ ጉዳይ ነው ሊለው አይገባም።

የምለው ነገር ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲናገር ከዚህ የበለጠ ደፍሯል። በአንቀጽ 1161 መሠረት ግዙፍነት ያለውን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በቅን ልቦና፣ ዋጋ ከፍሎ የገዛ ሰው ዕቃውን በእጁ ሲያደርግ ባለቤት ይሆናል፤ ሻጩ ባለቤት ባይሆንም እንኳ። ማሽኑን ለጓደኛው በአደራ ያስቀመጠ ሰው ጓደኛው ቢሸጥበት ከጓደኛው ጋር ይካሰሳል እንጂ ከገዢው እጅ አይነጥቅም። አንቀጽ 1165 ግን ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ዕቃው የተሰረቀ ከሆነ ባለቤቱ ሊያስመልሰው ይችላል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ገዢው በሁለቱም ጊዜ እኩል ቅን ነው። ባለቤቱም በሁለቱም ጊዜ ተበድሏል። የሚለያቸው ንብረቱ ከባለቤቱ እጅ የወጣበት መንገድ ነው፤ በፈቃዱ ለሰው የሰጠ ሰው የሰጠውን ሰው አደጋ ይሸከማል፣ የተሰረቀ ግን ማንንም አልመረጠም። ይህን ሚዛን ወደ ውክልና ብናመጣው የተሻረ ውክልና ከአደራው ጋር፣ የተጭበረበረ ውክልና ከስርቆቱ ጋር ይሰለፋል። ንግድ ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ነጋዴው በሥራ አስኪያጁ ሥልጣን ላይ ያደረገው ገደብ ያንን ገደብ በማያውቅ ቅን ሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። ነጋዴዎች ይህን ለምደው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ንግድም አልፈረሰም። ቤት የሚሸጥ ሰው ከዚያ የተለየ ምሕረት የሚያገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

የሌሎችን አገሮች መንገድ ማየትም አይከፋም፣ በተለይ ሕጋችን ከእነሱ ብዙ የወሰደ በመሆኑ። በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ የውክልና ሰነድ ከሰጠና ተወካዩ ያንን ለሦስተኛ ወገን ካሳየ፣ ሰነዱ እስኪመለስ ወይም ውድቅነቱ እስኪታወጅ ድረስ ሥልጣኑ እንዳለ ይቆጠራል፤ መሻሩን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የነበረበት ሰው ብቻ ከዚህ አይጠቀምም። የፈረንሳይ ጉዳይ ይበልጥ የሚገርም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962፣ የእኛ ሕግ ከወጣ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት አንድ የባንክ ጉዳይ ቀረበለት። የባንኩ ደንብ ሁለት ፊርማ ይጠይቅ ነበር፤ የዋስትና ሰነዱን የፈረመው ግን የባንኩ ፕሬዚዳንት ብቻውን ነው። ፍርድ ቤቱ ባንኩ ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ፣ ሦስተኛው ወገን ሥልጣን አለው ብሎ ማመኑ ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ባንኩ በዋስትናው ሊገደድ ይችላል አለ። ይህ አስተሳሰብ በ2016 በተሻሻለው የፈረንሳይ የውል ሕግ ውስጥ በአንቀጽነት ገብቷል። ሬኔ ዳቪድ የእኛን ረቂቅ ሲጽፉ ይህ ውሳኔ ገና አልተወለደም ነበር። እኛ የያዝነው የዚያን ዘመን የጥንቃቄ ቋንቋ ነው፤ ምንጩ ራሱ ከዚያ አልፎ ሄዷል።

ትልቁ ተቃውሞ ከወካዩ አቅም ይነሳል። ጂዳ ያለችው እህት የቤት ሠራተኛ ናት፤ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ሊሆን ይችላል፣ ቆንስላ ለመድረስ የዕረፍት ቀን መለመን አለባት። ገዢው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ገንዘብም ጊዜም አለው። ለምን ለእሱ እናደላለን? ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ወካዮቻችን በብዛት እንደ እሷ ያሉ ሰዎች መሆናቸውም እውነት ነው። ሆኖም ማን ምን ማድረግ ይችል ነበር ብለን ስንጠይቅ መልሱ ወደ ወካይዋ ያጋድላል። ወንድሟን የመረጠችው እሷ ናት፤ ጠባዩን የምታውቀውም እሷ ናት። ውክልናው ሲጻፍ «ዋጋው ከዚህ በታች አይሁን»፣ «ክፍያው በስሜ በተከፈተው በዚህ የባንክ ሒሳብ ብቻ ይግባ»፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ ያገለግላል» ማስባል የምትችለው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ገደብ በወረቀቱ ላይ ካለ ገዢው ሊያነበው ይገደዳል፤ ጥሶት ቢገዛ ኪሳራው የእሱ ነው። ገዢው ግን ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል መጨመር አይችልም። የወካይዋ ድካም የሚቃለለው ቅርጹን ባዘጋጀው መሥሪያ ቤት ነው። ቆንስላዎችና ውልና ማስረጃ የቤት መሸጫ ውክልና ሲቀበሉ እነዚህን ሦስት መስመሮች ባዶ አድርገው ቢያቀርቡና ፈራሚው እንዲሞላቸው ወይም «አልገድብም» ብሎ እንዲፈርም ቢያደርጉ፣ ለደካማው ወካይ ከማንኛውም የፍርድ ቤት ርኅራኄ የሚበልጥ ጥበቃ ነው። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ከማልቀስ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይረክሳል።

ሌላው ተቃውሞ ይህ አሠራር ለሌቦች በር ይከፍታል የሚል ነው፤ ተወካይና ገዢ ተመሳጥረው ቤቱን በርካሽ ይቀባበሉታል። ሊሆን ይችላል። የምጠይቀው ጥበቃ ግን ቅን ለሆነ ገዢ ብቻ ነው፤ ቅን ልቦናም ከልብ ውስጥ የሚፈለግ ምሥጢር ብቻ አይደለም፣ ከሁኔታው ይነበባል። ከገበያ ዋጋ እጅግ ያነሰ ክፍያ፣ በጥሬ ገንዘብ ተከፈለ የተባለ ብዙ ብር፣ ቤቱን ሳያይ የገዛ ሰው፣ ለተወካዩ የቅርብ ዘመድ የሆነ ገዢ፤ እነዚህ ሁሉ ዳኛውን ሊያጠራጥሩ ይገባል። አንቀጽ 2187 ቀድሞውንም የተወካዩ ጥቅም ከወካዩ ጥቅም ጋር ሲጋጭ፣ ሦስተኛውም ወገን ይህን ሲያውቅ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ወካዩ ውሉን ማሰረዝ እንደሚችል ይናገራል። ያ መሣሪያ አይነካም። ባልና ሚስት የጋራ ቤት ካላቸው የአንዳቸው ተወካይ ብቻውን መሸጥ እንደማይችልም የቤተሰብ ሕጉ ያስገድዳል፤ ይህን ያልጠየቀ ገዢ ቅን ነበርኩ ሊል አይችልም።

ሕግ የተማረ አንባቢ ደግሞ አንቀጽ 2181ን ይጠቅስልኛል፤ የውክልና ሥልጣን በጠባቡ መተርጎም አለበት ተብሏልና። ልክ ነው፤ ጠባቡን ትርጉም እደግፈዋለሁ። «እንዲያስተዳድር» የሚል ወረቀት ይዞ ቤት የገዛ ሰው ምንም ጥበቃ አይገባውም። ነገር ግን ጠባብ ትርጉም የሚሠራው በወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ነገር ነው። ወረቀቱ «እንዲሸጥ» ካለ በኋላ ከወረቀቱ ውጭ፣ በወካይና በተወካይ መካከል ብቻ በሚታወቅ መሻር፣ ጠብ ወይም የቃል ትእዛዝ ምክንያት ያንን ቃል ማጥፋት ትርጉም አይባልም። እንዲያውም ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ዳኛው የተጻፈውን በጠባቡ እንደሚያነብ ገዢ ካወቀ በጥንቃቄ ያነባል፤ የተጻፈው እንደሚያስገድደው ወካይ ካወቀ በጥንቃቄ ይጽፋል።

የተጭበረበረ ውክልና ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ወካይ የተባለው ሰው ምንም አልጻፈም፣ ማንንም አልመረጠም፤ ስሙንና ፊርማውን ሌላ ሰው ወስዶበታል። በስርቆቱ ሚዛን ቤቱ ለባለቤቱ መመለስ አለበት፣ ገዢው ቅን ቢሆንም። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። ሰነዱን አረጋግጫለሁ ብሎ ማኅተም ያሳረፈው መሥሪያ ቤት ምን ድርሻ አለው? የአገልግሎት ክፍያ ተቀብሎ ማንነት የሚያረጋግጥ ተቋም ማንነቱን ሳያረጋግጥ ከቀረ በኪሳራው ውስጥ ሊገባ ይገባል ባይ ነኝ፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ክርክር ይፈልጋል።

በውክልና ስም የሚደረገውን ሽያጭም ከዚህ አወጣለሁ። በመንግሥት የተገነባ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሰው ሰው ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ሲከለከል ሰው መላ አገኘ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ለገዢው «እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ» የሚል ውክልና ይሰጠዋል፣ የብድር ውል ደግሞ በጎን ይፈረማል። መኪናም እንዲሁ ስሙ ሳይዞር በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እዚህ ላይ ገዢው ራሱ ተወካይ ነው፤ ሦስተኛ ወገን የለም። ሻጩ ነገ ቢሽረው መብቱ ነው፤ ሻጩ ቢሞት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ አንቀጽ 2232 ውክልናውን ያበቃዋል፣ ወራሾቹም በር ያንኳኳሉ። በዚህ መንገድ የሚገዛ ሰው ሕግ በሚከለክለው ነገር ላይ ያለ ሕግ ጥበቃ ገንዘቡን አስቀምጧል። ቅን ሦስተኛ ወገን ልለው አልችልም፤ ውክልናን ወደ ሽያጭ ሰነድነት በመለወጥ ትክክለኛውን የውክልና አሠራር ያበላሸውም በከፊል ይኸው ልማድ ነው። ዳኞች ውክልናን በጥርጣሬ እንዲያዩ ያስለመዳቸው እሱ ነው፤ ጥርጣሬው ግን ለሐሙሱ ቅን ገዢም ይተርፋል።

የሞት ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ወካዩ ውጭ አገር ሞቶ ተወካዩ ሳይሰማ፣ ገዢውም ሳያውቅ ቤቱ ቢሸጥ ማን ይሸከም? ሟቹ ወረቀቱን ማስመለስ አይችልም፤ ወራሾቹም ወረቀቱን አልጻፉም። የመረጠ ይሸከም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይደክማል። ቢሆንም ወራሽ የሟቹን ንብረት የሚረከበው ከነግዴታው ነው፤ ሟቹ ያለ ቀነ ገደብ በሰው እጅ የተወው ወረቀትም ከግዴታዎቹ አንዱ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ሁለቱም ወገኖች ቅን ከሆኑ እኔ ለውሉ መጽናት አደላለሁ፤ ዋጋው ለወራሾቹ ይደርሳልና፣ ተወካዩም ቅን ከሆነ ገንዘቡ የትም አልሄደም። ተወካዩ መሞቱን እያወቀ ከሸጠና ብሩን ካጠፋ ግን ሚዛኑ ይቀየራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ለዳኛ ሰፊ ሥልጣን መተው ይሻላል እላለሁ።

ሕጉን ማስተካከል የሚጠይቀው ሰፊ ሥራ አይደለም። በአንቀጽ 2195 የተዘረዘሩት ሦስት ሁኔታዎች ይቆዩ፤ የሚለወጠው ውጤታቸው ነው። በእነዚያ ሁኔታዎች ወካዩ ውሉን አልቀበልም የማለት መብት እንዳይኖረው፣ ለቅን ሦስተኛ ወገን ውሉ ሥልጣን እንዳለ ሰው የተፈጸመ ሆኖ እንዲቆጠር ማድረግ ይበቃል። ከዚህ ጎን ለጎን የመሻሩን ነገር የሚመለከት አንድ ተግባራዊ እርምጃ ያስፈልጋል። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ውክልናንም መሻሪያውንም የመመዝገብ ሥርዓት ውስጥ አስገብቷቸዋል። ምዝገባው ግን ለገዢው የሚጠቅመው ጂዳ ቆንስላ ሰኞ የተፈረመው መሻሪያ ሐሙስ ሽያጩ ከመፈረሙ በፊት አዲስ አበባ ባለው ሠራተኛ መስኮት ላይ ሲታይ ነው። ያኔ መሻሩ ተመዝግቦ እያለ የገዛ ሰው አላወቅሁም ማለት አይችልም፤ ሳይመዘገብ የገዛ ደግሞ ቤቱን አያጣም። መሻሪያው የሚጸናው በሦስተኛ ወገኖች ላይ ከምዝገባው ሰዓት ጀምሮ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በሕጉ ውስጥ ቢገባ፣ እህቲቱም ቆንስላ በሄደችበት ቀን ቤቷን ታድናለች፣ ገዢውም ከመፈረሙ በፊት የት ማየት እንዳለበት ያውቃል።